ሶሊሎኪ (የብቻ ንግግር)

ሶሊሎኪ ወይም የብቻ ንግግር በተውኔት ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ብቻውን ሆኖ፣ ወይም ብቻውን የሆነ መስሎት፣ በልቡ ያለውን ድምፅ አውጥቶ የሚናገርበት የንግግር ዓይነት ነው። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት አይሰሙትም፤ ተመልካቹ ግን ይሰማዋል። በዕለት ተዕለት ኑሮ ሰው ምስጢሩን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይይዘዋል። ሶሊሎኪ ሆድ የያዘው ነገር በመድረክ ላይ እንዲሰማ በጸሐፌ ተውኔቱ፣ በተዋናዩና በተመልካቹ መካከል የተደረገ ስምምነት ነው።

ሶሊሎኪ ብዙ ጊዜ ገጸ ባሕርይ ስሜቱን የሚገልጽበት ቦታ ተደርጎ ይታያል። በታወቁት ተውኔቶች ግን ሥራው ከዚህ ይሰፋል። ገጸ ባሕርዩ ገና ያልጨረሰውን ነገር ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ከራሱ ጋር ሲከራከር፣ ራሱን ሲያታልል ወይም ሲወስን ይታያል። በዚህም ምክንያት ሶሊሎኪ እንደ አንድ የተውኔት ድርጊት ይቆጠራል። ተናጋሪው ንግግሩን ሲጨርስ ከጀመረበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ መገኘት አለበት።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜው

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ሶሉስ» ማለት ብቻውን፣ «ሎኲ» ማለት ደግሞ መናገር ማለት ነው። ሁለቱን አጣምሮ «ሶሊሎክዊየም» የሚለውን ቃል የፈጠረው የሂፖው አውግስጢኖስ ሲሆን፣ በ386 እና በ387 ገደማ ለጻፈው መጽሐፍ ርዕስ አድርጎታል። በዚያ መጽሐፍ አውግስጢኖስ ስለ ነፍስና ስለ እግዚአብሔር ከገዛ አእምሮው ጋር ይጠያየቃል። መጽሐፉ ተውኔት ባይሆንም አንድ ሰው በውስጡ ሁለት ሆኖ መነጋገር ይችላል የሚለው ሐሳብ ኋላ በመድረክ ላይ ትልቅ ቦታ አግኝቷል።

ከሌሎች የንግግር ዓይነቶች ጋር ያለው ልዩነት

ሶሊሎኪ ከሦስት ተቀራራቢ ነገሮች ጋር ይምታታል።

መነባንብ ወይም ሞኖሎግ፦ የአንድ ሰው ረዘም ያለ ንግግር ሁሉ ሞኖሎግ ሊባል ይችላል። ተናጋሪው በሸንጎ፣ በጦር ሜዳ ወይም በለቅሶ ቤት ሰው ፊት ቆሞ ሊሆን ይችላል። በሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ውስጥ አንቶኒ በቄሳር አስከሬን ፊት ለሮም ሕዝብ የሚያደርገው ንግግር ሞኖሎግ ነው፤ ሶሊሎኪ ግን አይደለም። በዚያው ተውኔት ብሩተስ ሌሊት በአትክልት ቦታው ብቻውን ሆኖ ቄሳር መሞት እንዳለበት የሚያሰላስልበት ንግግር ሶሊሎኪ ነው። አንቶኒ የሚናገረው ሕዝቡን ለማሳመን ነው፤ ብሩተስ ማሳመን ያለበት ራሱን ነው።

የጎን ንግግር፦ ሌሎች ገጸ ባሕርያት መድረኩ ላይ እያሉ አንዱ ፊቱን ዞር አድርጎ ለተመልካቹ ወይም ለራሱ ጣል የሚያደርገው አጭር ቃል ነው። ከሶሊሎኪ የሚለየው በአጭርነቱና በመካከል ጣልቃ የሚገባ በመሆኑ ነው።

ኅሊናዊ ምልልስ፦ ይህ በልቦለድ የሚሠራበት ስልት ሲሆን የገጸ ባሕርዩን ያልተነገረ ሐሳብ ያሳያል። ሶሊሎኪ ግን የሚነገር ቃል ነው። በሼክስፒር ተውኔቶች የብቻ ንግግር አንዳንድ ጊዜ በሌላ ሰው ይሰማል። ዡልዬት ብቻዋን ያለች መስሏት በሰገነት ላይ ስለ ፍቅሯ ስትናገር ሮሜዎ ከታች ሆኖ ያዳምጣታል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን ሶሊሎኪ እንደ ሐሳብ ሳይሆን ሰው ለራሱ ጮክ ብሎ እንደሚናገረው ቃል ይታይ ነበር ይላሉ።

ታሪክ

በጥንታዊት ግሪክና ሮም

በግሪክ ትራጀዲ ገጸ ባሕርይ ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መዘምራኑ አንዴ ከገቡ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ፍጻሜው አይወጡምና። ይሁንና የአይስኪሎስ «አጋሜምኖን» (458 ዓመተ ዓለም) የሚከፈተው በቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ሆኖ የትሮይ መውደቅን የሚያበስር የእሳት ምልክት በሚጠብቅ አንድ ዘበኛ የብቻ ንግግር ነው። በሶፎክልስ «አያክስ» ደግሞ መዘምራኑ ጀግናውን ፍለጋ ከመድረክ ይወጣሉ፤ አያክስ ሰይፉን መሬት ላይ ተክሎ የመጨረሻ ቃሉን ይናገርና ራሱን ይገድላል። የመዘምራኑ መውጣት ያልተለመደ በመሆኑ የሰውየው ብቸኝነት ጎልቶ ይታያል።

በሮማውያን ኮሜዲ፣ በተለይ በፕላውተስ ሥራዎች፣ ተንኮለኛ ባሮች ብቻቸውን ሲቀሩ ዕቅዳቸውን ለተመልካቹ ያጫውታሉ። በሴኔካ ትራጀዲዎች ደግሞ ገጸ ባሕርያት ራሳቸውን ለበቀል የሚያነሣሡባቸው ረጃጅም ንግግሮች አሉ። እነዚህ ሁለት መንገዶች፣ ማለትም ለተመልካች ማውራትና ራስን መቀስቀስ፣ ወደ ኋለኛው የአውሮፓ ተውኔት ተላልፈዋል።

በኤልሳቤጥ ዘመን እንግሊዝ

ሶሊሎኪ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ በለንደን ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የቲያትር ቤቶቹ አሠራር ነበር። በ1599 የተሠራውን ግሎብን የመሳሰሉት ቲያትር ቤቶች መሐላቸው ጣሪያ አልነበረውም፤ ትርኢቱም በቀን ብርሃን ይታይ ነበር። መድረኩ ወደ ግቢው ገባ ያለ ስለነበረ ተመልካቹ በሦስት ጎን ከብቦ ይቆማል። ተዋናዩ ብቻውን ወደ ፊት ሲራመድ የሰዎችን ፊት እያየ ነው የሚናገረው። እንዲህ ባለ ቦታ ለተመልካች መናገር እንግዳ ነገር አልነበረም።

በክሪስቶፈር ማርሎው «ዶክተር ፋውስተስ» ውስጥ ምሁሩ በመጀመሪያው ትዕይንት በንባብ ክፍሉ ሆኖ የተማራቸውን ትምህርቶች አንድ በአንድ ይንቃቸዋል። በመጨረሻው ደግሞ ዲያብሎስ ነፍሱን ሊወስድ አንድ ሰዓት ሲቀረው ጊዜ እንዲቆም ይለምናል። ሁለቱ የብቻ ንግግሮች የተውኔቱ መግቢያና መውጫ በሮች ናቸው።

ዊልያም ሼክስፒር (1564–1616) ይህን ስልት በብዙ መንገድ ሠርቶበታል። «ሪቻርድ ሣልሳዊ» በቀጥታ በሪቻርድ የብቻ ንግግር ይጀምራል፤ ሰውየው ክፋቱን ለተመልካቹ እንደ ወዳጅ ያካፍላል። በተውኔቱ መጨረሻ፣ ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት፣ የገደላቸው ሰዎች መናፍስት ከጎበኙት በኋላ ሲነቃ ግን ለተመልካቹ አይናገርም። በአጫጭርና በተቆራረጡ ዓረፍተ ነገሮች ራሱን ይጠይቃል፤ ራሱም ይመልሳል። የሪቻርድ ውድቀት በሁለቱ ንግግሮች ልዩነት ብቻ ሊነበብ ይችላል።

በስፔን፣ በፈረንሳይና በጀርመን

በስፔን የካልዴሮን «ሕይወት ሕልም ናት» (የታተመው በ1636 ነው) ከልጅነቱ ጀምሮ በግንብ ውስጥ የታሰረውን ልዑል ሲጊስሙንዶን ታላላቅ የብቻ ንግግሮች ይዟል። በፈረንሳይ በፒየር ኮርኔይ «ለ ሲድ» (1637) ውስጥ ወጣቱ ሮድሪግ የአባቱን ክብር ለመመለስ የሚወዳትን ልጅ አባት መግጠም ይኖርበታል፤ በዜማ ባሕርይ በተዋቀሩ አንጓዎች ሁለቱን ግዴታዎች ሲመዝን ይሰማል። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ጸሐፍት ብዙውን ጊዜ ሶሊሎኪን በምስጢረኛ ተክተውታል፤ ጀግናው ልቡን የሚከፍተው ለሞግዚት ወይም ለታማኝ ወዳጅ ሆነ። በጀርመን የጎተ «ፋውስት» የመጀመሪያ ክፍል (1808) ከመቅድሞቹ በኋላ በምሁሩ የሌሊት የብቻ ንግግር ይከፈታል።

ከእውነታዊነት እስከ ዛሬ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እውነታዊ ተውኔት ሲስፋፋ ሶሊሎኪ ተጠራጣሪ በዛበት። መድረኩ አራተኛው ግድግዳው የተነሣለት ክፍል ተደርጎ ታሰበ፤ ሰው ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ረጅም ንግግር አያደርግም ተባለ። ኖርዌያዊው ሄንሪክ ኢብሰን በ1869 የወጣውን «የወጣቶች ማኅበር» የተሰኘ ተውኔቱን አንድም የብቻ ንግግር ሳያስገባ በመጻፉ ይኮራ ነበር። ሆኖም በ«የአሻንጉሊት ቤት» (1879) ኖራ ብቻዋን ስትቀር ፍርሃቷን በአጫጭር ቃላት ታወጣለች።

ስዊድናዊው አውጉስት ስትሪንድበርግ በ1888 ለ«ሚስ ጁሊ» በጻፈው መቅድም መካከለኛ መንገድ አቅርቧል። በእሱ አስተያየት የብቻ ንግግር በቂ ምክንያት ከተገኘለት ተዓማኒ ይሆናል። ተናጋሪ ንግግሩን ብቻውን ሊለማመድ፣ የቤት ሠራተኛ ከድመቷ ጋር ልታወራ፣ እናት ሕፃኗን ልታጫውት፣ የተኛ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ሊናገር ይችላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስልቱ በአዲስ መልክ ተመለሰ። በአሜሪካዊው ዩጂን ኦኔል «እንግዳ ጣልቃ» (1928) ገጸ ባሕርያቱ እየተነጋገሩ በመካከሉ የልባቸውን ሐሳብ ጮክ ብለው ይናገራሉ። በሳሙኤል ቤኬት «የክራፕ የመጨረሻ ቴፕ» (1958) አንድ ሽማግሌ በጎልማሳነቱ የቀዳውን የራሱን ድምፅ እየሰማ ይስቃል፣ ይናደዳል፣ ይተክዛል፤ ብቻውን ያለ ሰው ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ሁኔታ በቴፕ መቅረጫ ተዓማኒ ሆኗል። በፊልም ደግሞ ሎውረንስ ኦሊቪየር በ1948 በሠራው «ሐምሌት» የታወቀውን የብቻ ንግግር በከፊል ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ፣ ከምስሉ በስተጀርባ በሚሰማ ድምፅ አቅርቦታል።

የሶሊሎኪ አገልግሎት

ሶሊሎኪ በተውኔት ውስጥ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ውሳኔን ማሳየት፦ ገጸ ባሕርዩ በሁለት መንገዶች መካከል ቆሞ ሲመዝን ይታያል።

የእውቀት ልዩነት መፍጠር፦ ተመልካቹ የሚያውቀውን ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት አያውቁም። ከዚህ ልዩነት ልብ ሰቀላና ምጸት ይወለዳሉ።

ተመልካቹን ተባባሪ ማድረግ፦ ተንኮለኛ ሰው ዕቅዱን ሲያካፍለን ምስጢር ጠባቂዎቹ እንሆናለን። ልናስቆመው አንችልም፤ አላውቅም ማለትም አንችልም።

ጊዜን ማዘግየት፦ ድርጊቱ በፍጥነት ሲሮጥ ሶሊሎኪ ቆም ብሎ የነገሩን ክብደት ያሳያል።

አራት ምሳሌዎች

ማክቤዝ፦ ገቢር 1፣ ትዕይንት 7

ንጉሥ ዳንካን በማክቤዝ ቤት እራት ላይ ነው። ማክቤዝ ከግብዣው ተነሥቶ ብቻውን ይወጣል። ንግግሩን ሲጀምር ግድያውን በስሙ አይጠራውም፤ በተውላጠ ስም ዙሪያውን ይዞራል። ከዚያ ምክንያቶቹ ይከተላሉ። ግፍ ወደ ሠሪው ይመለሳል። ዳንካን ዘመዱም ንጉሡም ነው። ዛሬ ማታ ደግሞ እንግዳው ነው፤ ባለቤት በሩን በገዳይ ላይ መዝጋት ሲገባው እንዴት ራሱ ቢላዋ ያነሣል? ንጉሡ ደግና ትሑት ስለሆነ መላው ዓለም ያለቅስለታል። በሌላው ሚዛን ላይ የቀረው የሥልጣን ምኞት ብቻ ነው።

በምክንያት ብዛት ማክቤዝ ተሸንፏል። ሚስቱ ስትገባም ነገሩን እንተወው ይላታል። ጥቂት ቆይቶ ግን በእሷ ግፊት ሐሳቡን ይለውጣል። የሶሊሎኪው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ይህን ንግግር ያልሰማ ተመልካች ማክቤዝን ሳያስብ የገደለ ሰው አድርጎ ሊያየው ይችል ነበር። አሁን ግን ኃጢአቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ አውቆ እንደገባበት እናውቃለን።

ሐምሌት፦ ገቢር 3፣ ትዕይንት 1

መኖርና አለመኖርን የሚመዝነው ይህ ንግግር በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው ሶሊሎኪ ነው። ብዙ አንባቢ የማያስተውለው ነገር ግን ሐምሌት በዚህ ንግግር ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል አለመጠቀሙ ነው። ስለ አባቱ ሞት፣ ስለ አጎቱ፣ ስለ እናቱ ምንም አይናገርም። «እኛ» እያለ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ይናገራል። የራሱን ሕመም እንደ አጠቃላይ ጥያቄ አድርጎ ማንሣቱ የተማሪነት ጠባዩን ያሳያል፤ ከጉዳዩ የሚሸሽበት መንገድም ሊሆን ይችላል።

ብቻውንም አይደለም። ኦፊሊያ በአባቷ ትእዛዝ እዚያው አጠገብ ናት፤ ንጉሡና ፖሎኒየስ ተደብቀው ይጠብቃሉ። ሐምሌት መሰለሉን ያውቃል ወይ የሚለውን ጥያቄ አዘጋጆች በየራሳቸው ይመልሱታል፤ መልሱም የንግግሩን ቃና ይለውጠዋል።

የንግግሩ ቦታም ትርጉሙን ይወስናል። በ1603 በታተመው የመጀመሪያ ቅጽ ይህ ንግግር የሚመጣው ተጓዥ ተዋናዮች ቤተ መንግሥት ከመድረሳቸው በፊት ነው። በኋለኞቹ ቅጾች ግን ሐምሌት ንጉሡን በተውኔት ሊፈትን ከወሰነ በኋላ ይመጣል። በመጀመሪያው ተስፋ የቆረጠ ሰው ይናገራል፤ በሁለተኛው ዕቅድ ያለው ሰው ተመልሶ ወደ ጨለማ ሲወርድ እናያለን።

ክላውዲዮስ፦ ገቢር 3፣ ትዕይንት 3

በዚያው ተውኔት ንጉሥ ክላውዲዮስ ብቻውን ሆኖ ወንድሙን መግደሉን ያምናል። ንስሐ ሊገባ ይፈልጋል፤ ነገር ግን በግድያው ያገኛቸውን ዘውዱንና ንግሥቲቱን አልለቀቀም። ያገኘውን ይዞ እንዴት ይቅርታ ይጠይቃል? ተንበርክኮ ሊጸልይ ይሞክራል። ሐምሌት ከኋላው ይገባና ሰይፉን ይመዛል፤ ሲጸልይ ቢሞት ነፍሱ ትድናለች ብሎ ግን ይተወዋል። ሐምሌት ከወጣ በኋላ ክላውዲዮስ ይነሣና ጸሎቱ ወደ ሰማይ እንዳልወጣ ይናገራል። ሐምሌት ያየው ጉልበቱን ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ግን ልቡን ሰምቷል። ከዚህ በኋላ የሚሞቱት ሰዎች ሁሉ የሚሞቱት በዚህ የእውቀት ልዩነት ምክንያት ነው።

ኢያጎ፦ «ኦቴሎ»

ኢያጎ ለተመልካቹ ደጋግሞ ይናገራል፤ ምክንያቱ ግን ይለዋወጣል። ሹመቱ ለካሲዮ በመሰጠቱ ተቀይሟል። በሌላ ጊዜ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ተኝቷል የሚል ሐሜት ያነሣል፤ እውነት መሆኑን እንደማያውቅና እንደ እውነት ቆጥሮ እንደሚሠራበት ራሱ ይናገራል። ኋላም ካሲዮን በዚያው ይጠረጥራል። ይህ የሚያስተምረው ሶሊሎኪ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ነው። ተናጋሪው ሌላውን ለማታለል አይዋሽም፤ ራሱን ግን ሊዋሽ ይችላል። በመጨረሻ ኢያጎ ሲያዝና ለምን ይህን እንዳደረገ ሲጠየቅ ከእንግዲህ አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። ለተመልካቹ ያን ያህል የተናገረ ሰው ለገዛ ሟቾቹ አንዲት ቃል ይነፍጋል።

ሶሊሎኪን ማንበብ

ሶሊሎኪን ለመተንተን የሚከተሉት ጥያቄዎች ይረዳሉ።

1. ከዚህ ንግግር ጥቂት ቀደም ብሎ ምን ሆነ? ተናጋሪውን አሁን እንዲናገር ያስገደደው ምንድን ነው?

2. ለማን ነው የሚናገረው? ለራሱ፣ ለተመልካቹ፣ ለፈጣሪ፣ ለሞተ ሰው፣ ወይስ እንደ ማክቤዝ በዐይኑ ለሚታየው ጩቤ? አድራሻው በመካከል ሊለወጥ ይችላል፤ የተለወጠበት መስመር ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ነው።

3. ሐሳቡ የሚታጠፍባቸው ቦታዎች የት ናቸው? «ግን»፣ «ሆኖም»፣ «እንግዲህ»፣ «ቢሆንስ» የሚሉ ቃላት መታጠፊያዎቹን ያመለክታሉ።

4. ያልተነገረው ምንድን ነው? በስሙ ያልጠራው ሰው ወይም ድርጊት አለ?

5. የሚናገረውን ተመልካቹ ከሌላ ትዕይንት ከሚያውቀው ጋር ይስማማል?

6. ንግግሩ ሲያልቅ ምን ተለወጠ? ተናጋሪው ቀጥሎ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ሶሊሎኪን መጻፍ

ለሶሊሎኪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መነገር ያለበት ምክንያት ነው። ገጸ ባሕርዩ ነገሩን ለሌላ ሰው ሊናገር ከቻለ በምልልስ ማሳየቱ ይሻላል። ሊናገር የማይችልበት ነገር ሲኖርና ጊዜ ሲያጥረው ግን የብቻ ንግግር ተፈጥሯዊ ይሆናል። በእጁ የሚነካው ዕቃ ቢኖር ደግሞ ሐሳቡ መያዣ ያገኛል።

የሚከተለው ለማሳያ የተዘጋጀ ነው። በላይ በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ 40 ጆንያ ቡና አውጥቶ ሸጧል። ኦዲተሮች ነገ ጠዋት ይመጣሉ። መጀመሪያ ደካማው አጻጻፍ፦

«በላይ፦ በጣም ተጨንቄአለሁ። ወንድሜ እንደ አባት አሳድጎኛል፤ አሁን ግን 40 ጆንያ ሰርቋል። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ እውነትንም እወዳለሁ። ነገ ኦዲተሮች ይመጣሉ። ምን ባደርግ ይሻለኛል? ኧረ ምን ዓይነት መከራ ነው!»

ይህ ንግግር መረጃ ይሰጣል፤ ነገር ግን በላይ የሚናገረውን ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። ለራሱ የሚነግረው አዲስ ነገር የለም። ሲጨርስም የጀመረበት ቦታ ላይ ነው። በሌላ መንገድ ሲጻፍ፦

«በላይ፦ (መዝገቡን ከፍቶ እስክሪብቶ ያነሣል) አርባ። አራትና ዜሮ። ዜሮዋን ብፍቃት አራት ትሆናለች። አራት ጆንያ ምን አላት? አይጥ በላው ይባላል። (ሊጽፍ ሲል ይቆማል) ቁጥር መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። «ቁጥር አይዋሽም» ይለኝ ነበር። አይ... እሱ አይደለም ያለኝ፤ መምህሩ ናቸው። እሱ «ብላ» ነው የሚለኝ። ሳይበላ «በልቻለሁ፣ አንተ ብላ»። (ዝም ይላል) ዋሽቶኝ ነበር ማለት ነው። ያኔም ይዋሽ ነበር። (ይስቃል፤ ሣቁ ይቆረጣል) እንግዲህ ያ ሁሉ እንጀራ ስንት ጆንያ ያወጣል? አርባ? ከአርባም በላይ... (መዝገቡን ይዘጋል) ዛሬ ማታ ቤቱ ሄጄ እራት እቀርባለሁ። «ብላ» ካለኝ ዜሮዋን እፍቃታለሁ። ቀና ብሎ ካላየኝ ግን... ቁልፉን ነገ ራሴ ነኝ የምሰጣቸው።»

በሁለተኛው ንግግር ጭንቀት የሚለው ቃል የለም። በላይ በመናገር ላይ ሳለ ከዚህ በፊት ያላሰበውን ነገር ያገኛል። የወንድሙ ደግነትና ውሸት አንድ ላይ ነበሩ። ትዝታውን ራሱ ያርማል፤ ይህ እርማት ተመልካቹ እንዲያምነው ያደርጋል። ውሳኔው ገና ነው፤ ነገር ግን ወደ ሚቀጥለው ትዕይንት የሚወስድ ፈተና ፈጥሯል። ተመልካቹ አሁን ያንን እራት ማየት ይፈልጋል።

ከዚህ ምሳሌ ጥቂት መመሪያዎች ይወጣሉ።

- ንግግሩ በጥያቄ ወይም በተጀመረ ድርጊት ይከፈት።
- ተናጋሪው ለራሱ የሚያውቀውን ታሪክ አይተርክ። ተመልካቹ ማወቅ ያለበት መረጃ በክርክሩ ውስጥ ይግባ።
- ቢያንስ አንድ መታጠፊያ ይኑረው።
- ቃላቱ የገጸ ባሕርዩ ይሁኑ። የመጋዘን ሠራተኛ በጆንያና በቁጥር፣ ገበሬ በዘርና በዝናም፣ ወታደር በምሽግና በትእዛዝ ያስባል።
- የዝምታ ቦታዎች ይጠበቁ።
- መጨረሻው ለሚቀጥለው ትዕይንት በር ይክፈት።
- በአንድ ተውኔት ውስጥ ቁጥሩ አይብዛ። ሁሉም ገጸ ባሕርይ ልቡን ከዘረገፈ የሚደበቅ ነገር አይቀርም።

በግጥም ለሚጽፍ ሰው ምቱ ራሱ መሣሪያ ነው። የሼክስፒር ሶሊሎኪዎች በአብዛኛው በየመስመሩ 10 ቀለማት ባሉት ቤት በማይመታ ግጥም የተጻፉ ናቸው። በአማርኛ በብዛት የሚሠራበት ወል ቤት በየስንኙ 12 ቀለማት ይዞ 6 በ6 ይከፈላል። ሐሳቡ ሲናወጥ ምቱን መስበር፣ ሲረጋ ደግሞ መመለስ ይቻላል። በየስንኙ መጨረሻ ሐሳብን መዝጋት ግን ንግግሩን የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስብ ሊያስመስለው ስለሚችል ሐሳቡ ከስንኝ ወደ ስንኝ እንዲሻገር መፍቀድ ይጠቅማል።

የተዋናይና የአዘጋጅ ድርሻ

ለተዋናይ ትልቁ ጥያቄ ዐይኑን የት እንደሚያሳርፍ ነው። ተመልካቹን ቀጥታ ካየ ንግግሩ ጭውውት ወይም ሙግት ይሆናል፤ ለኢያጎና ለሪቻርድ ይህ ይስማማል። በተመልካቹ ላይ አሻግሮ ካየ ወይም ዕቃ ላይ ካተኮረ ንግግሩ ወደ ውስጥ ይዞራል። ሌላው ችግር ተዋናዩ ንግግሩን በቃሉ ስለሚያውቀው መጨረሻውን እያወቀ መጀመሩ ነው። እያንዳንዱ ሐሳብ ያን ጊዜ እንደ ተወለደ ካልተነገረ ሶሊሎኪው ወደ ንባብ ይለወጣል።

አዘጋጁ መብራትን፣ ቦታንና ርዝመትን ይወስናል። በትርኢት ላይ ሶሊሎኪ መቁረጥ የቆየ ልማድ ነው። በ«ሐምሌት» ገቢር 4፣ ትዕይንት 4 ሐምሌት የፎርቲንብራስን ሠራዊት አይቶ ስለ ራሱ መዘግየት የሚናገርበት ንግግር በ1623 በታተመው የተውኔቶቹ ስብስብ ውስጥ እንኳ የለም። ንግግሩ ሲወጣ ሐምሌት ራሱን የሚከስበት የመጨረሻው ትልቅ የብቻ ንግግር አብሮ ይወጣል፤ የገጸ ባሕርዩም መልክ ይለወጣል።

በአማርኛ ተውኔት

የሼክስፒር ሶሊሎኪዎች ለአማርኛ ተመልካች የደረሱት በትርጉም ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን በግጥም ወደ አማርኛ መልሰዋቸዋል። የጸጋዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በፋሺስት ኢጣልያ የተገደሉትን የአቡነ ጴጥሮስን የመጨረሻ ሰዓት ይዟል። በዚህ ርዕስ በ«እሳት ወይ አበባ» ውስጥ ያለው ግጥም በጳጳሱ አንደበት ለእመቤታችን የሚቀርብ ብሶትና ልመና ነው። ጸሎት አድራሻው ሰማይ የሆነ የብቻ ንግግር መሆኑን ይህ ሥራ በግልጽ ያሳያል።

ከቲያትር ቤት ውጭ ደግሞ ሰው ለራሱ የሚናገርበት የቃል ግጥም ልማድ ከጥንት አለ። እንጉርጉሮ ሴት ወፍጮ ላይ ሆና፣ እረኛ በመስክ፣ መንገደኛ በጉዞ ብሶቱን ለራሱ የሚያዜምበት ነው። ፉከራና ቀረርቶ ግን ሰሚ ይፈልጋሉ፤ በሰው ፊት የሚባሉ ናቸውና። አማርኛ ሰው ከራሱ ጋር የሚነጋገርባቸው የጥሪ ቃላትም አሉት፤ «ሆዴ ሆይ»፣ «ልቤ»፣ «ነፍሴ» እያለ ሰው የገዛ አካሉን እንደ ሁለተኛ ሰው ያናግራል። በአማርኛ ሶሊሎኪ የሚጽፍ ሰው ከመድረክ ስልቱ በተጨማሪ ይህን የቋንቋውን ሀብት ለገጸ ባሕርያቱ አንደበት ሊጠቀምበት ይችላል።